ከዓሣው በፊት ውኃው፦ በቤት ለሚማሩ ልጆች ውቅያኖስን በእጅ ሥራ የማስተማር ዝርዝር መመሪያ

ስለ ውቅያኖስ ለሕፃናት የሚዘጋጅ ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በሻርክ፣ በዶልፊንና በዓሣ ነባሪ ሥዕል ነው። ልጆች እንስሳትን ስለሚወዱ አጀማመሩ የሚያስገርም አይደለም፤ ሆኖም ልጆቼን በቤት ሳስተምር የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ቅደም ተከተል የዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ውኃው ይቀድማል፣ እንስሳው ይከተላል። የዓሣ ነባሪ ወፍራም የስብ ሽፋን ለቅዝቃዜ የተሰጠ መልስ ነው፤ የጥልቅ ባሕር ዓሣ ቀይ መልክም ለጨለማ የተሰጠ መልስ ነው። ጥያቄውን ያላወቀ ልጅ መልሱን በቃሉ ቢይዘውም አይገባውም፤ ጨው፣ ቅዝቃዜ፣ ክብደትና ጨለማ ምን እንደሚያደርጉ በገዛ እጁ የሞከረ ልጅ ግን እንስሳው ለምን እንዲያ እንደሆነ ሳይነገረው ይደርስበታል።

መመሪያው የተዘጋጀው ከ6 እስከ 11 ዓመት ለሆኑ ልጆች ሲሆን፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ከአንድ ሰዓት ሳይበልጥ ቢሠራ በአራት ሳምንት ገደማ ያልቃል። በዕድሜ የሚለያዩ ልጆችን አብሮ ማስተማር ይቻላል፤ ትንሹ ሥዕል ይሥላል፣ ትልቁ ቁጥር ይመዘግባል።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልገው ዕቃ በአብዛኛው በቤት የሚገኝ ነው፦ ሰፊና ብርሃን የሚያሳልፍ ሳፋ ወይም ገንዳ፣ ተመሳሳይ ብርጭቆዎች፣ የገበታ ጨው፣ የምግብ ቀለም፣ በረዶ፣ እንቁላል፣ ኮምጣጤ፣ ዘይት፣ ማርጋሪን፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የጫማ ካርቶን፣ የእጅ ባትሪ፣ 11 ሜትር ሲባጎ እና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር። የወጥ ቤት ሚዛን ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ግን አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው 6 ግራም ያህል እንደሚመዝን ማወቅ ይበቃል።

በሥራው ሁሉ የሚጠበቅ አንድ ሥርዓት አለ። ልጁ ማንኛውንም ነገር ውኃ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ምን ይሆናል ብሎ እንደሚገምት በደብተሩ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል ወይም ይሥላል፤ የጻፈውንም አይሰርዝም። ግምቱ ስህተት ሆኖ ሲገኝ ወዲያውኑ ለማረም አይቸኩሉ። «የጠበቅኸው አልሆነም፤ ለምን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ዝምታው ለአዋቂ ይከብዳል፤ ከራሴ እንደማውቀው ግን ልጁ በእውነት የሚያስበው በዚያች ደቂቃ ነው።

ትናንሽ ልጆች ውኃ በተሞላ ሳፋ አጠገብ ለአፍታም ቢሆን ብቻቸውን መተው የለባቸውም። መብሳትና መቁረጥ የአዋቂ ሥራ ነው።

ምድር ምን ያህል ውኃ ናት?

የመጀመሪያው ቀን ቀላልና ጨዋታ የሚመስል ነው። የዓለም ካርታ የታተመበት የሚነፋ ኳስ ካለ ልጆቹ ይወራወሩበት፤ በተያዘ ቁጥር የያዘው ልጅ የቀኝ አመልካች ጣቱ ያረፈው ውኃ ላይ ነው ወይስ የብስ ላይ የሚለውን በጭረት ይመዝግብ። በ10 ውርወራ ውጤቱ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ 100 ሲደርስ ግን ውኃው ወደ 70 ይጠጋል። ከምድር ገጽ 71 በመቶ ያህሉን የሸፈነው ውቅያኖስ ነውና። ቁጥሩን አስቀድመው አይንገሩ፤ ጭረቶቹ ራሳቸው ይናገሩ።

ቀጥሎ አንድ ሊትር ውኃ በማስሮ ይቅዱና የምድር ውኃ ሁሉ ይህ ነው ይበሏቸው። ከዚያ ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ወደ ትንሽ ብርጭቆ ይቀንሱ። በማስሮው የቀረው ጨዋማ ውኃ ነው፤ በብርጭቆው ያለው ደግሞ ጨው አልባው። ከብርጭቆው ሁለት ሦስተኛው በበረዶ ግግር መልክ የተያዘ ሲሆን፣ የቀረውም በአብዛኛው ከመሬት በታች ነው። በመጨረሻ በወንዝና በሐይቅ የሚገኘውን ጨው አልባ ውኃ ለማሳየት በጠብታ ማንጠባጠቢያ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ብቻ በልጁ መዳፍ ላይ ያኑሩ። እዚህ ላይ ምንም ማብራሪያ አያስፈልግም።

ጨው ውኃን እንደሚያከብድ ማየት

የውቅያኖስ ውኃ በአማካይ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ስድስት የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ወደዚህ ይቀርባል፤ ልጁ ራሱ እየቆጠረ ይጨምር፣ በጣቱ ጫፍም ይቅመስ፣ ግን አይጠጣው።

አሁን ትኩስ፣ ያልተቀቀለ እንቁላል በቀስታ ይግባበት። ብዙ መመሪያዎች እንቁላል በባሕር ውኃ ላይ ይንሳፈፋል የሚል ግምት ያሳድራሉ፤ እውነቱ ግን ትኩስ እንቁላል በዚህ መጠን በተጨመረ ጨው አይነሣም፣ ወደ ታች ይሄዳል። ይህንን አይደብቁት። ልጁ ማንኪያ በማንኪያ እየጨመረ፣ እያማሰለና እየቆጠረ ይቀጥል፤ እንቁላሉ ከሥር ተነሥቶ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ በሊትር ከ100 ግራም በላይ ጨው ሊፈልግ ይችላል። ሙት ባሕር ከውቅያኖስ በአሥር እጥፍ ገደማ ጨዋማ በመሆኑ ሰው ሳይዋኝ የሚንሳፈፍበት ለምን እንደሆነ በዚህ ጊዜ መጥቀስ ተገቢ ነው። እፍጋት (አንድ ነገር ከያዘው ቦታ አንጻር ምን ያህል እንደሚከብድ) የሚለውን ቃል ማስተማር የሚሻለው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ልጁ ነገሩን በዓይኑ ካየ በኋላ ስሙን ሲሰማ ቃሉ አይጠፋበትም።

የሁለቱ በረዶዎች ሙከራ

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሙከራ ይህ ነው። በዋዜማው ውኃን በሰማያዊ የምግብ ቀለም ጠቆር አድርገው ይቀቡና በበረዶ ማስቀመጫ ውስጥ አፍስሰው በረዶ እስኪሆን ያቀዝቅዙት። በማግስቱ ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎችን በእኩል መጠን ውኃ ይሙሉ፤ በአንደኛው ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨርሶ እስኪሟሟ ያማስሉ። የሁለቱም ሙቀት እኩል እንዲሆንና ውኃው እንዲረጋ ለግማሽ ሰዓት ይተዉአቸው። ከዚያም ልጁን ይጠይቁት፦ በየትኛው ውስጥ ያለው በረዶ ቀድሞ ይቀልጣል?

ጨው በረዶን ያቀልጣል ሲባል የሰማ ልጅ ሳያመነታ ጨው ያለበትን ይመርጣል። አዋቂዎችም እንዲሁ። ግምቱ ከተጻፈ በኋላ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት በረዶዎች በአንድ ጊዜ ይግቡ፤ ብርጭቆዎቹንም ማንም አይንካቸው።

ጨው በሌለው ብርጭቆ ውስጥ ከበረዶው ሥር ቀጭን ሰማያዊ ክር ተመዝዞ እንደ ጭስ እየተጠቀለለ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብዙም ሳይቆይ ውኃው ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። በጨዋማው ብርጭቆ ግን የቀለጠው ውኃ አይወርድም። ከላይ እንደ ክዳን ተነጥፎ ይቀመጣል፣ ከሥሩ ያለው ውኃ ጥርት ብሎ ይቀራል። ቀድሞ የሚያልቀውም ጨው በሌለው ውስጥ ያለው በረዶ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከበረዶው የሚወጣው ቀዝቃዛ ውኃ ጨው ስለሌለው ከጨዋማው ይቀላል፤ ስለዚህ በበረዶው ዙሪያ እንደ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ይቆይና ሞቅ ያለው ውኃ እንዳይደርስበት ይከለክላል። ጨው በሌለው ብርጭቆ ግን ቀዝቃዛው ውኃ ከባድ ስለሆነ ይወርዳል፣ ሞቅ ያለው ውኃም እየተተካ በረዶውን ያቀልጠዋል።

ከዚህ ወደ ውቅያኖስ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። በዋልታዎች አካባቢ የባሕር ውኃ በረዶ ሲሠራ ጨውን ወደ ውጭ ይተፋዋል፤ ከበረዶው ሥር የሚቀረው ውኃ ቀዝቃዛም ጨዋማም ስለሚሆን እጅግ ከብዶ ይሰምጣል። በግሪንላንድና በአንታርክቲካ አቅራቢያ የሚሰምጠው ውኃ በውቅያኖሱ ወለል ላይ ተዘርግቶ ቀስ እያለ ዓለምን ይዞራል፤ ዙሩን ለመጨረስ 1,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ይህንን ለማሳየት ሳፋውን በቧንቧ ውኃ ይሙሉ፤ ቀለም የገባበት፣ ጨዋማና በማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ ውኃ በአንዱ ጥግ፣ የሳፋውን ግድግዳ አስይዘው፣ በጣም በቀስታ ያፍስሱ። ልጁ ተንበርክኮ ዓይኑን ከሳፋው ጎን ካስተካከለ፣ ቀለሙ ወለሉን ይዞ እስከ ሌላው ጥግ ሲሳብ ያያል።

የ11 ሜትር ሲባጎ

ልጅ ጥልቀትን በቁጥር አይረዳውም፤ 4,000 ሜትርም 10,000 ሜትርም ለእርሱ ያው «በጣም ጥልቅ» ነው። ስለዚህ አንድ ሴንቲ ሜትር 10 ሜትር ሆኖ እንዲቆጠር ተስማምተው ሲባጎውን በኮሪደር ወይም በግቢ ይዘርጉት። ምልክቶቹን ልጆቹ ራሳቸው በሜትር እየለኩ በፕላስተር ይለጥፉ፤ ለእርስዎ የቀረው ቁጥሩን መንገር ብቻ ነው።

በ4 ሴንቲ ሜትር ላይ ለመዝናናት የሚጠልቁ ሰዎች ወሰን፣ 40 ሜትር፣ ይለጠፋል። በ20 ሴንቲ ሜትር ላይ በብርሃን የታደለው የላይኛው ክፍል ያበቃል፤ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ጥቃቅን ሕያዋን ሁሉ የሚኖሩት በዚህች ስንዝር በማትሞላ ክፍል ነው። ኤምፐረር ፔንግዊን ከ50 ሴንቲ ሜትር አልፎ ይጠልቃል። በ1 ሜትር ላይ ደብዛዛው ብርሃን ፈጽሞ ይጠፋል። የውቅያኖስ አማካይ ጥልቀት 3 ሜትር ከ70 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል፤ ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ የታይታኒክ መርከብ ስብርባሪ አለ። የኤቨረስት ተራራ ተገልብጦ ቢጠልቅ ጫፉ 8 ሜትር ከ85 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀራል። በመጨረሻም በ10 ሜትር ከ90 ሴንቲ ሜትር ገደማ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያለው የማሪያና ስምጥ ጥልቁ ቦታ ይገኛል።

ልጆቹ ከዜሮ ተነሥተው እስከ መጨረሻው በእግራቸው ይሂዱ። እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 1960 ዣክ ፒካርና ዶን ዋልሽ ትሪየስት በተባለው ጠላቂ መርከብ ወደዚያ ጥልቁ ሲወርዱ ቁልቁል መንገዱ 5 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት እንደነበር፣ በጠባብ ክፍል ተቀምጠው ያለፉት በዚህ ሁሉ ጨለማ ውስጥ እንደነበር እየሄዱ ይንገሯቸው። ሲባጎው እስከ ትምህርቱ ፍጻሜ አይነሣ፤ ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሁሉ በእርሱ ላይ ይንጠለጠላልና።

ሲባጎው ግፊትንም ያስተምራል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ የአየር ግፊትን የሚያህል አንድ ተጨማሪ ግፊት ይደመራል፤ ስለዚህ በሲባጎው ላይ እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር አንድ ናት፣ ከታች ጫፉ ላይ ከ1,000 በላይ ይሆናል። ይህ በእጅ እንዲታይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጎን ላይ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ሦስት እኩል ቀዳዳዎች ይብሱ፤ በፕላስተር ደፍነው ውኃ ይሙሉና ፕላስተሩን በአንድ ጊዜ ይላጡ። የታችኛው ቀዳዳ ከሁሉ አብልጦ ይረጫል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ጠርሙሱ ውኃው በሚያርፍበት ወለል ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ የታችኛው ውኃ ለመራቅ ጊዜ ሳያገኝ መሬት ስለሚነካ፣ ርቆ የሄደው የመካከለኛው ይመስላል፤ ልጁም የተሳሳተ ነገር ይማራል። ጠርሙሱን በርጩማ ጫፍ ላይ ማቆም ችግሩን ያስወግዳል።

የብርሃኑ ሙከራ አጭር ነው። ክፍሉን ያጨልሙ፣ የእጅ ባትሪውን አፍ ብርሃን በሚያሳልፍ ሰማያዊ ፕላስቲክ ደራርበው ይሸፍኑ፣ ከዚያም በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ወረቀት የተቆረጡ ዓሦችን በጥቁር ጨርቅ ላይ ያብሩባቸው። ቀዩ ዓሣ ከጨርቁ ጋር ተመሳስሎ ሊጠፋ ይደርሳል። ውኃ ከብርሃን ቀለማት ቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ስለሆነ፣ በጥልቁ ቀይ መሆን መሰወር ነው።

ያልታየውን ወለል መለካት

የጫማ ካርቶን ውስጥ ልጁ ሳያይ በሸክላ ጭቃ ወይም በሊጥ ተራራና ሸለቆ ያብጁ፤ ክዳኑን ገጥመው በርዝመቱ መካከል በአንድ መስመር ላይ በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ ይብሱ። ልጁ በየሴንቲ ሜትሩ ምልክት ያለበት ቀጭን እንጨት እያስገባ ወለሉን ሲነካ የገባውን ርዝመት ይመዝግብ። መጀመሪያ ግን በአምስት ቀዳዳ ብቻ፣ አንዱን እየዘለለ፣ ይለካና የወለሉን ቅርጽ በካሬ ወረቀት ላይ ይሣል። ቀጥሎ የቀሩትን ቀዳዳዎች ሁሉ ይለካ። ልጄ ይህን ስትሠራ በአምስት ልኬት «ሜዳ ነው» ብላ ጽፋ ነበር፤ ሾጣጣው ተራራ በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ተደብቆ ኖሯል። ሁለተኛውን መስመር ከመጀመሪያው በላይ በሌላ ቀለም ስትሥል ፊቷ ላይ የታየው መገረም አሁንም ትዝ ይለኛል።

የእውነተኛው ወለል ታሪክም ከዚህ አይርቅም። አሜሪካዊቷ ማሪ ታርፕ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መርከቦች በድምፅ የለኩትን ጥልቀት ቁጥር በቁጥር እየሣለች በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ የሚያልፍ ስምጥ ሸለቆ አገኘች፤ ይህም አህጉራት እንደሚንቀሳቀሱ ለማስረዳት ረዳ። በዚያ ዘመን ሴቶች በምርምር መርከብ ላይ እንዲሳፈሩ አይፈቀድም ነበርና ያን ወለል ያነበበችው በጠረጴዛዋ ላይ ሆና ነው። ለትልልቆቹ ልጆች ስሌቱን ይስጧቸው፦ ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የተላከው ድምፅ በ4 ሴኮንድ ቢመለስ ጥልቀቱ ስንት ነው? 6,000 የሚል ልጅ ድምፁ ሄዶ መመለሱን ረስቷል፤ መልሱ 3,000 ነው።

ሞገድና ጉዞ

በሳፋው ውስጥ ቡሽ ያንሳፉና በአንደኛው ጫፍ ውኃውን በመዳፍ በስሱ ይምቱ። ሞገዱ ያልፋል፤ ቡሹ ግን ከፍ ዝቅ ከማለት በቀር ብዙም ከቦታው አይሄድም፤ ሞገድ የሚያጓጉዘው በዋናነት ኃይልን እንጂ ውኃን አይደለም። ዕቃን ርቆ የሚወስደው ነፋስና የማያቋርጥ የውኃ ፍሰት ነው፦ ልጁ በስትሮ በአንድ አቅጣጫ ሳያቋርጥ ይንፋና ቡሹ ምን ዓይነት ዙር እንደሚሠራ ይከታተል። እ.ኤ.አ. በ1992 በሰሜን ፓሲፊክ ከጭነት መርከብ ላይ የወደቁ 28,800 ያህል የመታጠቢያ መጫወቻዎች ለብዙ ዓመታት በየባሕር ዳርቻው እየወጡ ለተመራማሪዎች የፍሰቱን መንገድ ማመልከታቸውን ልጆች ደጋግመው መስማት ይወዳሉ።

አሁን እንስሳቱ

ማርጋሪን በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ይሙሉ፤ ሌላ ከረጢት በውስጡ አስገብተው እጅ ሲገባበት በዙሪያው ቅባት እንዲኖር ያድርጉ። ለማወዳደር ያለ ቅባት የተደራረቡ ሁለት ከረጢቶችም ያዘጋጁ። ልጁ ሁለቱንም እጆቹን በበረዶ ውኃ ይንከር፤ ከ30 ሴኮንድ አይለፍ፣ ሲያመውም ወዲያው ያውጣ። ዓሣ ነባሪ በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ከእንግዲህ መጠየቅ አያስፈልገውም።

የእንቁላል ቅርፊትና የባሕር ዛጎል በዋናነት ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ናቸው። ቅርፊት በኮምጣጤ ውስጥ ሲቀመጥ ወዲያው አረፋ ይይዛል፤ በማግስቱ ሳስቶ ወይም ጠፍቶ ይገኛል። ይህን ሙከራ በጥንቃቄ ማስረዳት ይገባል። ውቅያኖስ ኮምጣጤ አይደለም፣ ወደፊትም አይሆንም። ሆኖም ሰዎች ወደ አየር ከሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ባሕር ይስባል፤ በዚህም ኬሚካዊ ጠባዩ በጥቂቱ እየተለወጠ ስለሆነ ኮራልና ዛጎል ለበስ እንስሳት ቤታቸውን መሥራት ይከብዳቸዋል። ልጅን ማስፈራራት አይገባም፤ እውነቱን በልኩ መንገር ግን ይገባል።

ላባን ዘይት በተንሳፈፈበት ውኃ ነክሮ በጥጥ፣ በስፖንጅ፣ ከዚያም በሳሙና ለማጽዳት መሞከር ለብቻው አንድ ቀን ይበቃዋል። ልጆች በየተራ ይሞክሩ፣ የትኛው እንደሠራና ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ ይጻፉ።

በመጨረሻው ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ ከሲባጎው ላይ አንድ ጥልቀት በዕጣ ያውጣና በዚያ የሚኖር እንስሳ ከራሱ አመንጭቶ በሸክላ ወይም በወረቀት ይሥራ። አምስት ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ግፊቱን እንዴት ይችላል? እንዴት ያያል ወይም ያለ ዓይን እንዴት ይኖራል? ቅዝቃዜውን በምን ይቋቋማል? ምን ይበላል? ጓደኛውን በጨለማ እንዴት ያገኛል? ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ተክል እንደማይበቅል ያስታውሱት፤ በዚያ ያሉት ብዙዎቹ ከላይ እየተንጠባጠበ የሚወርደውን የሞቱ ሕያዋን ፍርፋሪ ወይም እርስ በርሳቸው ይበላሉ። ሥራው ሲያልቅ በቦታው ላይ ይሰቀል።

ፈተና የምሰጠው እንዲህ ነው። ትምህርቱን ያልተከታተለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይጠራል፤ ልጁ ከዜሮ ጀምሮ እስከ 10 ሜትር ከ90 ድረስ እየመራ፣ በየምልክቱ እየቆመ ያስረዳል። እርስዎ ከኋላ ሆነው ደብተር ይዘው ይከተሉ፤ አያርሙ፣ አያስታውሱ። የተደናገረባቸውን ቦታዎች ብቻ ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሳፋው ዳግም የሚሞላው ለእነርሱ ነው።